ከሯጭነት ወደ መም ባለቤትነት፡ የቀነኒሳ ሁለተኛ ሥራና የደጎሎ ሜዳ

በልጅነቴ በተማርኩበት የደጎሎ ትምህርት ቤት ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ የምንፈራው ዘበኛውን ነበር። ‹‹ጋሼ›› ነበር የምንላቸው። የምንጣላቸው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ዝናብ ባባራ ማግስት ኳስ ይዘን ሜዳው ላይ መውጣት። የጃማን አፈር የሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዋልካ ነው። በክረምት ሲረግጡት ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እርጥብ ሳለ የተረገጠ ሜዳ ደግሞ እንደተረገጠ ይደርቅና ዓመቱን ሙሉ ቁርጭምጭሚት ሲያወልቅ ይከርማል። ስለዚህ ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ‹‹ውጡ! ነገ የምትሮጡበትን ዛሬ አትግደሉት!›› እያሉ ያባርሩናል።

ሰኔ ሳይገባ በሜዳው ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ የሚቆፍሩት እሳቸው ናቸው። ከብት ሲገባ ከባለ ከብቱ ጋር የሚሟገቱት እሳቸው ናቸው። የስፖርት በዓል ሲደርስ አመድ አሰብስበው የመሮጫውን መስመር የሚያሰምሩትም እሳቸው ናቸው። አንደኛ ለወጣው ልጅ እናጨበጭባለን፣ ደብተርና እርሳስ ይሸለማል። መስመሩን ላሰመረው ያጨበጨበ ሰው ግን አላስታውስም።

ጋሼን ያስታወሰኝ የቀነኒሳ በቀለ ጉዳይ ነው። መቼም ስለ ቀነኒሳ ሩጫ ያልተጻፈ ነገር የለም። ሯጩ የመሮጫ ባለቤት ስለመሆኑ ግን ብዙም ሲባል አልሰማሁም። የዛሬው ጽሑፌ በዚሁ ላይ ያተኩራል። በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን ናቸው።

ሯጩ

ቀነኒሳ በ1982 በአርሲ፣ በቆጂ ተወለደ። በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ከተማ ናት። ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜው፣ በ2002 በደብሊን በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። ይህንኑ ድርብ ድል እስከ 2006 ድረስ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ደገመው። በ2008 በኤደንብራ አንድ ጨምሮ በአዋቂዎች የግል ውድድር የወርቅ ሜዳሊያዎቹን አሥራ አንድ አደረሰ።

በመም ላይ ያለው ታሪኩም ከዚህ አያንስም። በ2004 በአቴንስ የ10,000 ሜትር ወርቅና የ5,000 ሜትር ብር፣ በ2008 በቤጂንግ የሁለቱንም ርቀት ወርቅ አግኝቷል። በዓለም ሻምፒዮና በ2003፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2009 የ10,000 ሜትር አሸናፊ ነበር፤ በ2009 በርሊን ላይ የ5,000 ሜትሩንም ጨመረበት። ግንቦት 31 ቀን 2004 በሄንጌሎ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጠ። ነሐሴ 26 ቀን 2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨረሰ። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ሁለቱንም እስኪሰብራቸው፣ ማለትም እስከ 2020 ድረስ፣ እነዚህ ክብረ ወሰኖች የቀነኒሳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም በጎዳና ላይ ቀጥሎ በ2019 የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸንፏል፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንም በ42 ዓመቱ ለአገሩ ተሰልፏል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ሄንጌሎ ሆላንድ ነው፤ ብራስልስ ቤልጂየም። ኃይሌ ገብረሥላሴም በ1994 የ5,000፣ በ1995 እና በ1998 ደግሞ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖችን የሰበረው እዚያችው ሄንጌሎ ነው። ሰኔ 8 ቀን 2021 ለተሰንበት ግደይ የ10,000 ሜትርን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ስትሰብርም መሙ የሄንጌሎ ነበር። የለተሰንበቱ ከሁሉም ይገርማል፤ ያ ውድድር ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ቡድን ለመምረጥ የተካሄደ የኢትዮጵያ ማጣሪያ ነበርና! በ2019ም ማጣሪያችን ሄንጌሎ ነበር፤ በ2024 ደግሞ የ10,000 ሜትሩ ስፔን፣ ኔርሃ ላይ ተካሄደ። ኢትዮጵያዊ ከኢትዮጵያዊ ጋር፣ ኢትዮጵያን ለመወከል፣ ባሕር ተሻግሮ ይፎካከራል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት እውነት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በስስ አየር ረጅም ርቀት ሮጦ የኦሊምፒክ መግቢያ ሰዓት ማምጣት ይከብዳል። እሺ ብለን እንቀበል። ሰኔ 9 ቀን 2022 ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን ‹‹የሜዳችን›› ጨዋታ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ማድረጉስ? ያንን እንኳ በከፍታ አናመካኝም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችሁ ደረጃውን አያሟሉም ስላለን ነው የሄድነው። አሸንፈን ጨፈርን፤ ቤታችን ውስጥ መጨፈሪያ እንደሌለን ግን ያሰበው ጥቂት ነው።

ሱሉልታ

ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ማዶ ያለች ደጋ ናት። ማለዳ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው በሣሩ ሜዳ ላይ ተራ በተራ የሚፈሱትን ሯጮች አይቷል። ሞ ፋራህን የመሰሉ የውጭ አገር ሻምፒዮናዎችም ልምምድ ለማድረግ መጥተውባታል። ቀነኒሳ በሩጫ ካገኘው ገንዘብ ሆቴልና የስፖርት ማዕከል፣ ከዚያም ጋር ባለ 400 ሜትር ሰው ሠራሽ መም ያሠራው እዚህ ነው።

ሯጭ ገንዘብ ሲያገኝ ሕንፃ ማቆሙ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ሕንፃ ኪራይ ያመጣል፤ ኪራይም ልጅ ያሳድጋል፤ ነውር የለበትም። መም ግን ሌላ ነው። መም ቦታ ይበላል፣ ፎቅ አይጨመርበትም፣ በየቀኑ በሾለ ጫማ ይወጋል። ከከተማው መሀል ስታዲየም ውጪ መም ማግኘት ብርቅ በነበረበት አገር ይህን የሚሠራ ሰው ከትርፉ ሌላ የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይገባል። ቀነኒሳ የሚያውቀው የመሙን ጥቅም ነው፤ በእግሩ ያወቀው።

ሯጮቻችን በጡረታ ዘመናቸው ወደ ቢሮ ሲገቡ አይተናል። ኃይሌ በ2016 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከእሱ ቀጥላ ደራርቱ መጣች፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ስለሺ ስህን ተመረጠ። መልካም ነው፤ ወንበሩን የሚያውቀው ሰው ይያዘው። ነገር ግን ወንበሩን የሚመኝ መቶ ሲገኝ፣ ሜዳውን እኔ ልያዝ የሚል አንድ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

መም ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን መምን በቴሌቪዥን የምናየው ቀይ ምንጣፍ እናደርገዋለን። ነገሩ ግን በሂሳብ የታሰረ ነው። ደረጃውን የጠበቀ መም ሁለቱ ቀጥታ ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 84.39 ሜትር ሲሆኑ፣ ሁለቱ ግማሽ ክቦች 36.50 ሜትር ሬዲየስ አላቸው። የእያንዳንዱ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር ነው። 400 ሜትሩ የሚለካው ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሯጩ በእርግጥ በሚረግጥበት በኩል ነው። በ400 ሜትር ውድድር በሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ሯጭ ከመጀመሪያው በ7.04 ሜትር ቀድሞ የሚቆመውም ለአድልዎ አይደለም፤ በኩርባው ላይ የሚጨመርበት ርቀት ስለሚካካስለት ነው።

ላዩ ላይ ያለው ላስቲክ መሰል ንጣፍ ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መሙን መም የሚያደርገው ከሥሩ ያለው ነው፤ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ሥር ጠጠር፣ ከጠጠሩ ሥር የተጠቀጠቀ አፈር፣ በዙሪያው ውኃ መውረጃ። የእኛ የጃማው ዋልካ ለዚህ የተረገመ አፈር ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ የተነጠፈውንም ይሰነጥቃል። የአገሬ ሰው ግድግዳው ለምን በየዓመቱ እንደሚሰነጠቅበት ስለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ መም የሚሠራ መሐንዲስ ወይ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ በሌላ ይተካል፣ ወይ በኖራ ያክመዋል፤ ከሁሉም በፊት ግን ውኃው የሚወጣበትን ያበጃል። ጋሼ መሐንዲስ አልነበሩም፤ ቦዩን ግን ሰኔ ሳይገባ ይቆፍሩ ነበር።

ሰው ሠራሽ መም በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1968 በሜክሲኮ ነው። ማሞ ወልዴ በዚያ መም ላይ የ10,000 ሜትር ብር ካገኘ በኋላ በማራቶኑ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በፊት ሻምፒዮናዎች የሚሮጡት የድንጋይ ከሰል አመድና ስባሪ ተደልድሎ በተሠራ መም ላይ ነበር። የዚያ ዘመን መም ካልተደለደለ፣ ካልተረጨ፣ ካልተዳመጠ ለሩጫ አይሆንም። ስለዚህም ጠባቂ ነበረው። የአሁኑ ጠባቂ የማይፈልግ ይመስላል፤ ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። ሰው ሠራሽ መም አቧራው መጠረግ፣ መታጠብ፣ የውኃ መውረጃው መከፈት፣ መስመሩ መታደስ አለበት። ሁሉም የሚሮጥበት የመጀመሪያው መስመር ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። በመሆኑም ለቀላል ልምምድ ‹‹ወደ ውጪ ውጡ›› የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከበድ ያለ መኪና እንዳይገባበት፣ የድግስ ድንኳን ችካል እንዳይመታበት የሚከለክልም ያሻዋል።

የዴንማርኩ ሞተረኛ

ሻምፒዮና ሜዳ ሠሪ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ፣ ከእኛ ሩቅ በሆነ ስፖርት ውስጥ ጥሩ ምሳሌ አለ። ስፒድዌይ ይባላል። አራት ሞተረኞች፣ ፍሬን በሌለውና አንድ ማርሽ ብቻ ባለው 500 ሲሲ ሞተር፣ በአፈር መም ላይ ወደ ግራ እየዞሩ አራት ዙር ይወዳደራሉ። ኩርባ ሲደርሱ የኋላ ጎማውን ሆን ብለው እያንሸራተቱ ነው የሚታጠፉት። ስለዚህ የአፈሩ እርጥበትና ጥብቀት የውጤት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። በውድድሩ መሀል ትራክተር እየገባ መሙን ይደለድላል፣ ውኃ ይረጫል።

የዚህ ስፖርት ትልቅ ስም ዴንማርካዊው ኦሌ ኦልሰን ነው። በ1946 የተወለደው ኦልሰን በ1971፣ በ1975 እና በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከአገሩ ሰው ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ነው። ገና በሩጫው ላይ ሳለ በ1970ዎቹ አጋማሽ በቮየንስ የራሱን የስፒድዌይ መም ሠራ። በ1988 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ እዚያው ተካሄደና ሌላው ዴንማርካዊ ኤሪክ ጉንደርሰን በአገሩ አፈር ላይ አሸነፈ። ሞተሩን ካቆመ በኋላም ኦልሰን የዓለም ግራንድ ፕሪ ውድድሮች ዳይሬክተር ሆኖ፣ በእግር ኳስ ስታዲየሞች ውስጥ አፈር አስገብቶ ጊዜያዊ መም በመሥራት ታወቀ። ከ2001 ጀምሮ የካርዲፍ ስታዲየም የዚህ ሥራ ምሳሌ ሆነ።

ታሪኩ ግን ሁሉም ድል አይደለም። በ2008 በጀርመን ጌልሰንኪርሸን የተነጠፈው መም ለሞተረኞቹ አደገኛ ሆኖ በመገኘቱ ውድድሩ ወደ ፖላንድ ተዛወረ። ሚያዝያ 2015 ደግሞ ዋርሶ በሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም፣ ስታዲየሙን በሞላው ሕዝብ ፊት የተጀመረው ውድድር ከ12ኛው ፉክክር በኋላ ተቋረጠ። የመነሻው መሣሪያ ተበላሸ፤ መሙም ተቦረቦረ። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን መሆን አፈሩን አላጠበቀውም።

እኔ ከኦልሰን ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው፣ ተወዳዳሪ የነበረ ሰው የመሙን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃልና ዕውቀቱ ከእሱ ጋር ጡረታ መውጣት የለበትም። ሁለተኛው፣ በጥቂት ቀናት የተነጠፈ መም አዋቂ እንኳ ቢሠራው ሊያሳፍር ይችላል፤ ለዓመታት በአንድ እጅ የተጠበቀ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በሌላ አነጋገር፣ ከመሥራት ይልቅ መጠበቅ ይከብዳል።

ሕጉስ ምን ይላል?

የተማርኩት ሕግ ስለሆነ ወደ ሕጉ ባልሄድ ይከፋኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ንብረትን የሚጠብቅበት ምዕራፍ አለው። በአንቀጽ 1454 መሠረት እንዲህ ያለው ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት መውጣቱ በግልጽ ካልተነገረ በቀር ለሌላ ሊተላለፍ አይችልም። በአንቀጽ 1455 መሠረትም ማንም ‹‹ብዙ ዘመን ይዤዋለሁ›› በማለት ባለቤት አይሆንበትም። የእኛ ችግር እንግዲህ የአንቀጽ እጥረት አይደለም። አንቀጹን ይዞ የሚቆም ሰው ነው የጎደለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደጎሎ ስሄድ ያንን የልጅነቴን ሜዳ ላየው ወጣሁ። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። ቦዩ በደለል ተሞልቷል። በአንደኛው ማዕዘን በኩል አጥር ገብቶ ድሮ የሩጫው መነሻ የነበረውን ወስዶታል። ያጠረው ማን እንደሆነ መናገር ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። አንዱን የሚያገባው የመሰለኝን ሰው ‹‹እንዴት ዝም አላችሁ?›› ብለው፣ ‹‹ሜዳው እኮ ካርታ የለውም፤ ባለቤት ነኝ ብሎ የመጣም የለም›› አለኝ። የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ እውነቱን ነው። የሁሉም የሆነ ነገር በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ኃላፊነት ካልሆነ የማንም ይሆናል። በዚያው ሜዳ ላይ ጫማቸውን አውልቀው የሚሮጡ ልጆች ነበሩ፤ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ይታጠፋሉ።

ታዲያ ለደጎሎ ሰው ሠራሽ መም ይሠራ ልል አይደለም። ለዋልካችን የሚያስፈልገውን ወጪ ከላይ ያነበበ ሰው ቅዠት ይለኛል። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየወረዳው ያለ የሕዝብ ሜዳ ተለክቶ በስሙ ካርታ ይውጣለት። ሁለተኛ፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይ፣ የተደለደለ ሣርና በትክክል የተለካ 400 ሜትር ይኑረው፤ ለዚህ አካፋ፣ ሜትርና አመድ ይበቃል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሜዳው በመዝገብ የታወቀ፣ ደመወዝ ያለው ጠባቂ ይቀጠርለት። ለዚህ ሥራ ሰው አይታጣም። ለክለብ ሲሮጡ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ያለ ሥራ የቀሩ አትሌቶች በየከተማው አሉ። ፌዴሬሽኖቻችን አሠልጣኝ እንደሚያሠለጥኑ ሁሉ የሜዳ ጠባቂም ቢያሠለጥኑ፣ ሯጩ እንጀራ ያገኛል፣ ልጆቹም መሮጫ ያገኛሉ።

ቀነኒሳ አቅም ስለነበረው ለራሱም ለሌላውም የሚሆን መም በግሉ ሠራ። ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን የግል ንብረት በር አለው፤ በሩም የሚከፈተው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። የደጎሎ ልጅ ሱሉልታ ድረስ እንዲሄድ መጠበቅ አንችልም። ቀነኒሳ በአቅሙ ያደረገውን ወረዳው በአቅሙ ያድርገው፤ የወረዳው አቅም ደግሞ ቢያንስ አንድ ዘበኛ፣ አንድ አካፋና አንድ ካርታ ነው።

ጋሼ ያንን ሜዳ የጠበቁት መጀመሪያ የተቀጠሩበት የበሩ ዘብ ሆኖ ሳለ ነው። ሜዳው በሥራ ውላቸው ላይ እንደነበረ እጠራጠራለሁ። ዛሬ ውሉ ላይ ይጻፍልን ነው የምለው።

ቸር ይግጠመን።